ብርጭቆውን ለይቼ አየሩን አብሬው ጠጣሁ

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ፍቅር አይደለም፤ ስለ መስኮት ነው። «ደግሞ መስኮት ምን ወግ አለው?» እንዳትሉኝ። እስቲ ታገሱኝ፣ መጨረሻ ላይ ትፈርዱኛላችሁ።

ባለፈው ሰሞን ከመገናኛ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ ነው። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ታክሲዋ ጢም ብላ ሞልታለች፤ የአንዱ ሽቶ፣ የሌላው ላብ፣ ከኋላ የተጫነው የሽንኩርት ፌስታል... ሁሉም ተደባልቆ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ከፊቴ የተቀመጠች አንዲት ልጅ መስኮቱን ገፋ አድርጋ አራት ጣት ያህል ከፈተችው። ኧረ ምን ቆርጧት!

«እህት፣ ዝጊው እንጂ! ብርድ ልታስመቺን ነው እንዴ?» አለ ከኋላ አንድ ጎልማሳ።

«በዚህ ፀሐይ እንኳ ምች ነው የሚመታን» አሉ ነጠላ የለበሱ እናት።

«አየር እኮ ያስፈልጋል» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። ሰሚ አላገኘችም። በመጨረሻ ረዳቱ ፍርዱን ሰጠ። «እህቴ፣ ለሰላም ብለሽ ዝጊላቸው። ሒሳብ ወደዚህ!»

ዘጋችው። እኔም አፌን ዘግቼ ፒያሳ ደረስኩ። ከታክሲው ስወርድ ግን በራሴ አፈርኩ። በዚያ ታክሲ ውስጥ ለልጅቷ መከራከር የነበረበት ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ሦስት በሦስት የሆነችው ክፍል

ነገሩ የሆነው የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። ከአንድ ግቢ ጀርባ ተደርድረው ከተሠሩት ስድስት የኪራይ ክፍሎች አንዷ ውስጥ እኖር ነበር። ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር ናት። አንዲት ትንሽ መስኮት ነበረቻት፤ ግን መስኮት ናት ማለት ይከብዳል፤ አከራያችን ከውጭ በኩል ቆርቆሮ ቸንክረውባታል። «ንፋስና ሌባ በአንድ መንገድ ነው የሚገቡት» ይላሉ እትዬ። በዚህ የሚከራከራቸው ተከራይ አልነበረም። እኔም ብሆን ክፍሏን የወደድኳት ስለምትሞቅ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ከክፍለ ሀገር መጥቶ አዲስ አበባ ኮሌጅ ሲገባ እኔው ጋ አረፈ። ፍራሹን መሬት ላይ ዘረጋሁለት። እናታችን በየማታው ትደውላለች። የትምህርቱን ነገር ብዙም አትጠይቅም። «ልጄን ብርድ እንዳይመታብኝ!» ነው ነገሯ ሁሉ። እኔም ታላቅ እህት ነኝና ተነሳሁ። የበሩን ስር በአሮጌ ጨርቅ ጠቀጠቅሁ። በግድግዳውና በጣሪያው መሃል ያለውን ክፍተት በፌስታል ደፈንኩ። የቆርቆሮውን ጠርዝ ደግሞ በጋዜጣ ለጠፍኩት። ከጋዜጦቹ በአንዱ ላይ የራሴ ጽሑፍ ነበረበት፤ ስለ ጤናማ ኑሮ! እናንተዬ፣ የሰው ልጅ እንዲህ ነው በራሱ ላይ የሚቀልደው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ወንድሜ ማሳል ጀመረ።

«ብርድ ነው» አልኩ እኔ። «ብርድ ነው» አለች እናቴ። «ብርድ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል?» አሉ እትዬ። ዝንጅብል በማር አፈላሁለት። ዳማከሴ አሸተትኩት። ነጭ ሽንኩርት አኘከ፣ ፌጦ ጠጣ። ከፋርማሲ ሽሮፕ ገዛሁ። ሦስተኛው ሳምንት አለፈ፤ ወሩ አለፈ። ሌሊት አንሶላው እስኪርስ ያልበው ጀመር። ለእናቴ ስነግራት ደስ አላት፤ «ተመስገን፣ ብርዱ እየወጣለት ነው» አለችኝ። በቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ ሲበሳ ሳየው ግን ልቤ ወረደ።

እዚህ ላይ የማፍርበትን ነገር ልናዘዝ። ያኔ በልቤ «ይሄ ነገር የሳንባ በሽታ ቢሆንስ?» ብዬ ጠርጥሬያለሁ። ታዲያ ምን አደረግሁ? ሐኪም ቤት ልወስደው ሲገባ ብርጭቆውን ለየሁ። አንዲት ሰማያዊ የፕላስቲክ ኩባያ ገዝቼ «ያንተ ናት» ማለት አቅቶኝ ዝም ብዬ ሁልጊዜ በእሷ እሰጠው ጀመር። ሳህኑንም ለየሁ። ልጁ ሞኝ አይደለም። አንድ ማታ ሻይ ልቀዳለት ስነሳ፣ «እታለም፣ ሰማያዊዋ የኔ ናት አይደል?» አለኝ። ተነስቶ ራሱ አመጣት። መልስ አልሰጠሁትም። ምን ብዬ ልመልስ?

ብርጭቆውን ለይቼ፣ ሳህኑን ለይቼ... ሌሊቱን ሙሉ ግን በደፈንኳት ክፍል ውስጥ እሱ ሲያስል እኔ እተነፍስ ነበር።

ሲስተሯ የጠየቀችኝ ጥያቄ

ጤና ጣቢያ ሄድን። አክታው ተመረመረ። ቲቢ ነው ተባለ። መድኃኒቱ በነፃ ነው፤ ስድስት ወር ሳያቋርጥ ይወስዳል። ካርዱን የምትሞላው ሲስተር በኔ ዕድሜ ያለች ናት። «ስንት ሆናችሁ ነው የምትተኙት?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። «ቤታችሁ መስኮት አለው? ይከፈታል?»

እኔ ደግሞ ልሞገስ ነው ብዬ፣ «አይ ሲስተር! ጭራሽ ንፋስ የሚባል አይገባም፤ ቀዳዳውን ሁሉ በራሴ እጅ ነው የደፈንኩት!» አልኳት።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አልተቆጣችኝም። «የኔ እህት» አለች፣ «በሽታው በብርድ አይመጣም። የሚያስለው ሰው የሚያወጣው ጀርም ነው አየር ላይ እየተንሳፈፈ የሚቆየው። ቤቱን ስትደፍኚው እዚያው ውስጥ ነው ያስቀረሽው። ብርጭቆ ደግሞ ምንም አያደርግም፤ በብርጭቆ አይተላለፍም።» ስለ ብርጭቆው እኔ አልነገርኳትም ነበር። ስንቱን አይታ ይሆን!

ቀጥላ፣ «ከእናንተ ሌላ ቤታችሁ የሚውል ሰው አለ?» አለችኝ። ነበረ። የጎረቤታችን የአራት ዓመት ልጅ ከሰዓት በኋላ እኛ ጋ ነበር ቴሌቪዥን የምታየው። ወንድሜ ጭን ላይ ነበር የምትቀመጠው። እኔ ግን እትዬ ሰምተው ከቤት ያስወጡናል ብዬ ፈራሁና «ማንም የለም» ብዬ ዋሸሁ።

ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሦስተኛው ቀን የልጅቷን እናት በር አንኳኳሁ። ስነግራት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አልሰደበችኝም፤ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችኝ። «ወር ሙሉ ሲያስል በግድግዳው እሰማ ነበር። አንቺ አታውቂም ብዬ ነበር ዝም ያልኩት።» በማግስቱ ልጇን ይዛ ሄደች። ልጅቷ በሽታው አልያዛትም፤ ግን እንዳይነሳባት መከላከያ መድኃኒት ተሰጣት። እኔም ተመርምሬ ነፃ ሆንኩ። ጎረቤቴ ለእትዬ አልነገረችብኝም። ለአንድ ወር ያህል ግን ሰላምታዬን ከአንገት በላይ ነበር የምትመልስልኝ። እውነቷን ነው።

«አየር ይገድላል» ያሉት እኛ ብቻ አይደለንም

ወንድሜ መድኃኒቱን ሲጀምር እኔን አንድ ጥያቄ ያዘኝ። ሰው እንዴት የሚጠቅመውን አየር ፈርቶ የሚጎዳውን አቅፎ ይተኛል? እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ብዕር የያዝኩ ሰው ነኝ፤ ሐኪምም መሐንዲስም አይደለሁም። ግን ቤተ መጻሕፍት ገብቼ፣ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አስቀምጬ ማንበብ ጀመርኩ። የጠበቅሁት «ፈረንጆቹ የንጹሕ አየርን ጥቅም ድሮም ያውቁ ነበር» የሚል ነገር ነበር። ያገኘሁት ሌላ ነው። እነሱም አየርን እንደ እናቴ ይፈሩት ነበር!

በአውሮፓ ለሁለት ሺህ ዓመት ያህል ሐኪሞች ብዙ በሽታ ከመጥፎ አየር ይመጣል ብለው ያምኑ ነበር። «ሚያዝማ» ይሉታል። ከረግረግ፣ ከበሰበሰ ነገርና ከቆሻሻ የሚነሳ መርዘኛ እንፋሎት ማለታቸው ነው። ወባን «ማላሪያ» ያሰኘው ይኸው እምነት ነው፤ በጣሊያንኛ «መጥፎ አየር» ማለት ነው። የወባ ተሸካሚ ትንኝ መሆኗ የታወቀው ሮናልድ ሮስ የሚባል ሐኪም ሕንድ አገር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1897 ባደረገው ምርምር ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን የወረርሽኝ ሐኪሞች እንደ አሞራ መንቁር የረዘመ ጭንብል ያጠልቁ ነበር፤ መንቁሩ ውስጥ መዓዛ ያለው ቅጠላ ቅጠል ይጠቀጥቁበታል፤ መጥፎውን አየር እንዲመልስላቸው። ከኛ ዳማከሴ በምን ይለያል?

የሮማው የሕንፃ ሊቅ ቪትሩቪየስ ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት በነበረው መቶ ዘመን፣ ከተማ ስትቆረቁሩ ከረግረግ ራቁ፤ የጠዋት ንፋስ የረግረጉን መርዝ ይዞ ይመጣባችኋል ብሎ ጽፏል። ምክንያቱ ስህተት፣ ምክሩ ግን ትክክል! ከረግረግ የራቀ ሰው ከትንኟም ራቀ።

ገረመኝ። ይሄ «በተሳሳተ ምክንያት ትክክል መሥራት» የሚሉት ነገር ደግሞ ያለው እዚያ ብቻ አይደለም። የለንደንን ጉድ ስሙ።

እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደን ውስጥ ሶሆ በሚባል ሰፈር ኮሌራ ገብቶ ከ600 በላይ ሰው ፈጀ። ባለሥልጣናቱ «የሽታው ነገር ነው» አሉ። ጆን ስኖው የሚባል ሐኪም ግን የሟቾቹን ቤት አንድ በአንድ ተከታትሎ፣ በብዛት የሞቱት ብሮድ ስትሪት ላይ ካለች አንዲት የውሃ ፓምፕ የጠጡት መሆናቸውን አሳየ። የፓምፗ እጀታ ተነቀለ። ብዙዎቹ ሊቃውንት ግን አላመኑትም። አራት ዓመት ቆይቶ፣ በ1858 በጋ፣ የቴምዝ ወንዝ እንዲህ ሸተተ እንዲህ ከረፋ፣ ወንዙ ዳር ያለው ፓርላማ መጋረጃውን በክሎራይድ ኦፍ ላይም እየነከረ ሊሰበሰብ ግድ ሆነበት። እንደራሴዎቹ አፍንጫቸው ሲነካ ጊዜ ሕጉን በጥድፊያ አወጡ። ጆሴፍ ባዝልጌት የሚባለው መሐንዲስም ከመሬት ስር የቆሻሻ ማስወገጃ ቦይ ሠራላቸው። ሽታውን ለማጥፋት ብለው የቆፈሩት ቦይ የመጠጥ ውሃቸውን አጸዳው። በ1866 ኮሌራ ተመልሶ ሲመጣ አጥብቆ የመታው ቦዩ ገና ያላለቀበትን የከተማዋን ምሥራቅ ነው።

መስኮት የከፈተችው ነርስ

አሁን ወደኔ ነገር ልመለስ፤ ወደ መስኮቱ። ፍሎረንስ ናይቲንጌልን በትምህርት ቤት ሰምታችኋል። «መብራት ይዛ የምትዞረው ነርስ» ተብላ ነው የምትታወቀው። እ.ኤ.አ. በ1854 በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ ቱርክ አገር እስኩታሪ በሚባል ወታደራዊ ሆስፒታል ደረሰች። ከቁስል ይልቅ በሽታ ነበር ወታደሩን የሚጨርሰው። በቀጣዩ ዓመት ከእንግሊዝ የመጣ የንጽሕና ኮሚሽን የሆስፒታሉን የፍሳሽ ቦይ አጸዳ፤ አየር እንዲገባ አደረገ። ሟቹ ቁጥር ወረደ።

ናይቲንጌል አገሯ ተመልሳ በ1859 ባወጣችው የነርሲንግ መጽሐፍ ላይ ከሁሉ አስቀድማ ያስቀመጠችው ሕግ ምን መሰላችሁ? ሕመምተኛው የሚተነፍሰው አየር እንደ ውጭው አየር ንጹሕ ይሁን፤ እሱ ግን አይብረደው። ልብ በሉ፤ አይብረደው ብላለች። አየሩ ሌላ፣ ብርዱ ሌላ!

ከዚያ በኋላ ሆስፒታል የሚሠራበት መልክ ተለወጠ። የሕሙማን ክፍሉ ረጅምና ጠባብ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ በግራና በቀኝ ትይዩ መስኮቶች ያሉት፣ አልጋው በመስኮትና በመስኮት መሃል። ንፋሱ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ፓሪስ ውስጥ ያለው የላሪብዋዚየር ሆስፒታል ቀድሞ በዚህ መልክ ተሠርቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1871 የተመረቀው የለንደኑ ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታልም ከፓርላማው ትይዩ፣ ወንዙ ዳር፣ በዚሁ ንድፍ ቆመ። በየአገሩም ተቀዳ።

የሚገርመው ታዲያ፣ ናይቲንጌል ያኔ በጀርም አታምንም ነበር! እሷም የምታስበው ስለ መጥፎ አየር ነው። ልዩነታችን አንድ ነው፤ እኛ መጥፎው አየር ውጭ ነው ብለን ዘጋን፣ እሷ መጥፎው አየር ውስጥ ነው ብላ ከፈተች። ሁለታችንም አየር ፈራን። ግን የእሷ ፍርሃት መስኮት ሠራ፤ የኛ ፍርሃት ቆርቆሮ ቸነከረ።

ሮበርት ኮክ የሚባለው ጀርመናዊ የቲቢን ባክቴሪያ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1882 ነው። መድኃኒት ግን አልነበረም። ስለዚህ ሕመምተኛውን ወደ ተራራና ወደ ጫካ እየወሰዱ አየር ማስቀበል ያዙ። ፊንላንድ ውስጥ ፓይሚዮ የሚባለውን የቲቢ ሆስፒታል አልቫር አልቶ የሚባል አርክቴክት ሠርቶት በ1933 ሲመረቅ፣ ሕመምተኞቹ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው የሚተኙበት ረጃጅም በረንዳ ነበረው። በፊንላንድ ብርድ! የኔ እናት ብታየው ኡኡ ትል ነበር። በኛም አገር ለረጅም ዘመን የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማንን ሲያክም የኖረው ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል የት ነው ያለው? እንጦጦ ተዳፋት ላይ፣ ባሕር ዛፉና ንፋሱ መሃል።

እውነቱን ለመናገር አየሩ ብቻውን በሽታውን አይፈውስም ነበር። ፈውሱ የመጣው በ1943 ስትሬፕቶማይሲን ከተገኘና ሌሎቹ መድኃኒቶች ከተከተሉ በኋላ ነው። ያኔ ግን ሌላ ስህተት መጣ። «መድኃኒት ካለ መስኮት ምን ይሠራል?» ተባለና የሕንፃው ጣሪያ ዝቅ፣ መስኮቱ ጠበብ፣ አንዳንዱም ጭራሽ የማይከፈት መስታወት ሆነ። ሐኪሞቹም «በሽታ ከአየር ይልቅ በእጅና በቅርብ ንክኪ ነው የሚተላለፈው» ወደሚለው አዘነበሉ።

ይህን ለመፈተን በ1950ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ባልቲሞር ውስጥ ሪቻርድ ራይሊ የሚባል ሐኪምና ባልደረቦቹ ብልሃት ፈጠሩ። ከቲቢ ሕሙማን ክፍል የሚወጣውን አየር በቱቦ ወደ ላይ ወስደው ጊኒ ፒግ የሚባሉ አይጥ መሰል እንስሳት ላይ ለቀቁባቸው። እንስሳቱ ሕሙማኑን አላዩም፣ አልነኩም፣ ከብርጭቋቸውም አልጠጡም። በአየሩ ብቻ ተያዙ! ይህን ሳነብ ሰማያዊዋ ኩባያ ትዝ አለችኝና መጽሐፉን ዘጋሁት።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ ስምንት ሆስፒታሎችን አየ። ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ መስኮታቸው የሰፋ፣ ከ50 ዓመት በፊት የተሠሩት አሮጌ ክፍሎች መስኮት ሲከፈት በሰዓት 40 ጊዜ ያህል አየራቸው ይለወጣል። አዳዲሶቹ 17 ጊዜ። በማሽን አየር የሚሰጣቸው ዘመናዊ ክፍሎች ደግሞ 12 ጊዜ። አሮጌው ቤት አዲሱን በለጠ! ኮቪድ ሲመጣም ያው ክርክር ተመለሰ። የዓለም ጤና ድርጅት በመጋቢት 2020 (እ.ኤ.አ.) «ኮቪድ በአየር ወለድ አይተላለፍም» ብሎ ነበር፤ በ2021 ግን አየር በማይዘዋወርበት ዝግ ቤት በአየር እንደሚተላለፍ ጽፎ አስተካከለ። ትልልቆቹም ይሳሳታሉ ማለት ነው። እናቴን ብቻዋን አልፈርድባትም።

ጋቢና መስኮት

ነገሩን ካወቅሁ በኋላ እትዬ ዘንድ ገባሁ። «እትዬ፣ ያንን ቆርቆሮ ላንሳው?» አልኳቸው። «ለሌባ በር ልትከፍቺልኝ ነው?» አሉኝ። የወንድሜን በሽታ መናገር አልደፈርኩም። «ወጥ ስሠራ እየታፈንን ነው፤ የብረት ፍርግርጉን እኔ እከፍላለሁ» አልኳቸው። ወጪው የአንድ ወር ኪራይ ያህል ሆነብኝ። ቆርቆሮው ሲነቀል ከጠርዙ ላይ የለጠፍኩት ጋዜጣ በላብና በእርጥበት ጠቁሮ ተቀደደ። ስለ ጤናማ ኑሮ የጻፍኩት ጽሑፍ እንዲህ ሆኖ ቀረ!

በሁለተኛው ወር ጎረቤቴ በሬን አንኳኳች። «ያንን ብረት የሠራልሽን ልጅ ስልክ ስጪኝ እስቲ» አለች። ሌላ ነገር አላወራችም። እኔ ግን ይቅርታዋ መሆኑ ገባኝ።

ወንድሜ በስድስተኛው ወር ጨረሰ። አክታው ንጹሕ ሆነ፤ የቀበቶው አዲሱ ቀዳዳም ሥራ ፈታ። ሰማያዊዋን ኩባያ ልጥላት ስል ከለከለኝ። «ተያት፣ የጥርስ ብሩሽ ማስቀመጫ ትሁነኝ» አለ። ዛሬም እየሳቀ ያነሳብኛል። እሱ ይሳቅ እንጂ እኔ አልስቅም።

እናታችን ልትጠይቀን መጣች። መጀመሪያ ያየችው መስኮቱን ነው። «ልጄን ልትገድይው ነው?» አለችኝ። ማታ ስንተኛ ተነስታ ዘጋችው። እኔ ተነስቼ ከፈትኩት። እንደገና ዘጋች። «እማዬ፣ ሲስተሯ እኮ ናት ያለችው» አልኳት። «ሲስተሯ እናቱ ናት?» አለችኝ። ምን ይመለሳል? ለሦስተኛ ጊዜ ስከፍተው ግን ዝም አለች። ጨለማ ውስጥ ስትንጎዳጎድ ሰማሁ። ከሻንጣዋ ያመጣችውን አዲስ ጋቢ አውጥታ ልጇን ከእግሩ እስከ አገጩ ድረስ ጠቅልላው ተመልሳ ተኛች። መስኮቱ ክፍት ነው፤ ልጁ ሞቆታል። እናቴ የናይቲንጌልን ስም ሰምታ አታውቅም። ሕጓን ግን በዚያ ሌሊት ፈጸመችው።

እንግዲህ ወጋችንን ከመጨረሴ በፊት ለናንተ ለወጣቶቹ የምመክረው ይቺን ነው።

1ኛ. ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል «ብርድ ነው» ተብሎ አይታለፍ። ሌሊት ማላብና ክሳት ከተጨመረበት ደግሞ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ። ምርመራውም መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው።

2ኛ. ቤት ስትከራዩ ቀለሙንና ሴራሚኩን ከማየታችሁ በፊት መስኮቱን ክፈቱት። ካልተከፈተ ዋጋውን ተከራከሩ፤ ካልሆነም ሌላ ቤት ፈልጉ። በርና መስኮት ትይዩ ከሆኑ ዕድለኛ ናችሁ፤ አንዱ ያስገባል፣ አንዱ ያስወጣል።

3ኛ. አዲስ አበባ ደጋ ናት፤ ሌሊቱ ይበርዳል፤ አይካድም። ሰውነታችሁን አሙቁት፤ ቤቱን ግን አትድፈኑት። ጋቢ ለሰው ነው፤ ለመስኮት አይደለም። በተለይ ከሰል አቀጣጥላችሁ ቤት ዘግታችሁ እንዳትተኙ፤ ጭሱ ሳይታይ የሚገድል መርዝ አለው።

4ኛ. የታመመ ሰው ካላችሁ ብርጭቆውን አትለዩበት። አየሩን ለውጡለት፤ መድኃኒቱን አስታውሱት። ሲያስል አፉን ይሸፍን። መድኃኒቱን በትክክል ከጀመረ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወደ ሰው የማስተላለፍ ዕድሉ በጣም ይቀንሳል። ብርጭቆ ስትለዩበት የሚሰማው ስሜት ግን በስድስት ወር መድኃኒት አይድንም፤ ከኔ ተማሩ።

5ኛ. አብሯችሁ የዋለ ሰው ካለ ንገሩት። ቤት ቢያስወጡን ይሻላል፤ የሰው ልጅ ከሚታመምብን።

ስለ ታክሲው ደግሞ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። በሚቀጥለው ጊዜ አንዲት ልጅ መስኮት ስትከፍት «ዝጊው!» የሚል ድምፅ ከኋላ ከመጣ፣ እኔ ደግሞ ከጎኗ ሆኜ «ሁለት ጣት ያህል እንኳ ትተውልን» እላለሁ። ይሰድቡኝ ይሆናል። ይሰድቡኝ። ነጠላቸውን ላመቻችላቸው እችላለሁ፤ አፌን ግን ከእንግዲህ አልዘጋም።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ፤ መስኮታችሁንም ከፈት አድርጉ!